ብሌኑ ጥርት ብሎ እይታው ለምን ይደራረባል? ስለ ስክሌራል ሌንስ

የደብረ ብርሃኗ እህታችን ጥያቄ ይህ ነው፦ ወንድሟ በኬራቶኮነስ (ብሌን ሳስቶ እንደ ሾጣጣ የሚወጣበት ሕመም) ምክንያት የዓይን ብሌን (ኮርኒያ፣ የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን) ተተክሎለት ክሩም ወጥቷል። ሐኪሙ «ብሌኑ ጥርት ብሏል» ይለዋል፤ እሱ ግን በመነጽርም ፊደል ይደራረብበታል። ስክሌራል ሌንስ (ዓይን ላይ የሚደረግ ሰፊና ጠንካራ ሌንስ) ያድርግ ወይስ ይቅርበት?

እህቴ፣ ሐኪሙም ወንድምሽም ልክ ናቸው። ጥርት ማለት ሌላ፣ ቅርጹ መስተካከል ሌላ ነው። የተተከለው ብሌን ዙሪያውን ከፀጉር በሚቀጥን የናይለን ክር ተሰፍቶ ነው የሚድነው። ክሩ ሲወጣ አንዱ ወገን ይላላል፣ ሌላው እንደተወጠረ ይቀራል። እንዲህ ወጣ ገባ የሆነ አስቲግማቲዝም (የብሌን ቅርጽ መዛባት) በመነጽር አይታረምም። ጠንካራ ሌንስ ግን የራሱን ለስላሳ ገጽ ይሰጠዋል፤ ከሥሩ ያለው ፈሳሽም ጎድጓዳውን ይሞላል። ስክሌራሉ ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 18 ሚሊሜትር ስለሆነ ብሌኑን ሳይነካ ተሻግሮ በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ያርፋል። ትልቅ ሆኖ ሳለ የማይቆረቁረውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ያድርግ፤ ግን ከማዘዛችሁ በፊት የብሌኑን የውስጥ ሴሎች ቆጠራ ጠይቁ። ብሌኑን ከውኃ የሚያደርቁት እነዚህ ሴሎች ናቸው፤ የሞተውን የሚተካ የለም፣ በተተከለ ብሌን ደግሞ ቶሎ ይመናመናሉ። በካሬ ሚሊሜትር ከ800–1,000 በታች ከወረዱ ስክሌራል አደገኛ ነው፤ ሌንሱና ከሥሩ ያለው ፈሳሽ ተደምረው ኦክስጅን ይቀንሳሉና ብሌኑ ያብጣል።

የመጀመሪያው ቀን ጥራት አያታላችሁ። ሌንሱ በሰዓታት ውስጥ 100 ማይክሮን (0.1 ሚሊሜትር) ገደማ ወደ ብሌኑ ዝቅ ስለሚል ልኩ የሚታወቀው ከ3–4 ሰዓት በኋላ ነው። ለክትትል ሲሄድ ጠዋት 12 ሰዓት ቤቱ አድርጎት ይነሳ፤ የአዲስ አበባው 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ራሱ ሥራውን ይሠራል።

አደራረጉ፦ እጁን ታጥቦ ያድርቅ፣ መስታወቱን ጠረጴዛ ላይ ያጋድም። ሌንሱን በማስገቢያው ጎማ ላይ አስቀምጦ መከላከያ ኬሚካል በሌለው 0.9% ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውኃ) እስከ አፉ ይሙላው። ከዚያ ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ፣ ሁለቱንም ቆብ በሰፊው ከፍቶ፣ ፈሳሹ ዓይኑን እስኪነካ ያቅርበው። አረፋ ከገባ አውጥቶ እንደገና መሙላት ነው። ትንንሹን የአንድ ጊዜ ሳላይን ግዙ፤ የተከፈተ ትልቅ የሳላይን ከረጢት ለነገ አይቀመጥም።

ሲያወጣ መምጠጫውን ጎማ መሃል ላይ ፈጽሞ አይለጥፍ። የንቅለ ተከላ ጠባሳ እንደ ተፈጥሮው አይጠነክርም፤ መሃሉን መሳብ ብሌኑን አብሮ መሳብ ነው። ጎማውን አርጥቦ በታችኛው ጠርዝ በኩል ይያዝና አየር አስገብቶ ያንሳው።

ከሰዓት በኋላ ጉም ሲመጣበት ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አውጥቶ፣ አጥቦ፣ በአዲስ ሳላይን ሞልቶ ይመልሰው። ከጠራ፣ ከሥሩ የተጠራቀመ ቆሻሻ ነበር፤ በደብረ ብርሃን ነፋስና አቧራ፣ በምድጃም ጭስ ይብሳል። ካልጠራ፣ ወይም በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ካየ፣ ብሌኑ አብጧልና ሌንሱን አቁሞ ሐኪሙ ጋ ይሂድ።

የቧንቧም የተፈላም ውኃ ሌንሱን አይንካው፤ አካንታሚባ የሚባለው ተሕዋስ ብሌን ያጠፋል። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ለጠበል ከሄደም ሌንሱን አስቀድሞ ያውጣ፣ ዓይኑንም ይጨፍን። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚያጸዳ ከሆነ በራሱ ዕቃ 6 ሰዓት ሳይሞላው ወደ ዓይን ቢገባ ያቃጥላል። አድርጎት አይተኛ።

ሐኪሙ ያዘዘለትን የስቴሮይድ ጠብታ «ሌንስ ጀመርኩ» ብሎ አያቋርጥ፤ ጠብታው ከገባ 15 ደቂቃ ቆይቶ ሌንሱን ያድርግ። ዓይኑ ቢቀላ፣ ብርሃን ቢወጋው፣ እይታው ቢቀንስ ወይም ቢያመው ሰውነቱ የተተከለውን ብሌን እንደ ባዕድ እየገፋው ሊሆን ይችላልና ሌንሱን አውጥቶ በዚያው ቀን ይታይ። የድሮ መነጽሩንም አትጣሉበት፤ ለእንዲህ ያለው ቀን የሚያስፈልገው እሱ ነው።