ዲቴክተሩ ጮኸ፤ ግን የማን መሬት ላይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ። ልጆቼ ለልደቴ ሜታል ዲቴክተር ገዙልኝ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ስለቀረኝ «ከሶፋ ላይ ያስነሳህ» ብለው ነው። መጀመሪያ የሞከርኩት ፖቶማክ ወንዝ ዳር ባለ መናፈሻ ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላኝ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው መጣና «ይሄ እዚህ ክልክል ነው፤ ፈታተህ መኪናህ ውስጥ ክተተው» አለኝ። ገና አንድ ጉድጓድ እንኳ አልቆፈርኩም! በሳምንቱ ኦሽን ሲቲ ባሕር ዳር ሄድን። እዚያ ማንም ምንም አላለኝም። ጥቂት ሳንቲምና አንድ የወርቅ ቀለበት አገኘሁ። ቀለበቱ ውስጥ የሁለት ሰዎች ስምና ቀን ተቀርጾበታል። ባለቤቴ «መልስ» ትላለች፤ ጓደኞቼ «ባሕር የሰጠህን ምን ትመልሳለህ» ይላሉ። ለጥምቀት ደግሞ አገር ቤት እገባለሁ። አንኮበር አካባቢ ባለው የአያቴ ግቢ፣ ጣልያን ሲመጣ አያቴ አንድ እንስራ ጠገራ ብር ቀብራለች ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ዲቴክተሩን ይዤ ብሄድ ችግር አለው?

መልስ፦ እንኳን አደረሰዎ። ልጆችዎም ይባረኩ፤ ካልሲ ከመግዛት ይሻላል።

ዲቴክተር መግዛትም መያዝም በራሱ ወንጀል አይደለም። ሕጉ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት የቆሙበትን መሬት ነው። ያገኙት ዕቃ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እርስዎ በአንድ ደብዳቤ ሦስት መሬት ላይ ቆመዋል፤ ሦስቱም የተለያየ ሕግ አላቸው።

ከመናፈሻው ልጀምር። ሰውየው ልክ ነበር፤ እንዲያውም ውለታ ነው የዋለልዎት። በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ስር ባለ መሬት ላይ ዲቴክተር መጠቀም ብቻ ሳይሆን ይዞ መገኘትም ክልክል ነው። ደንቡ የሚፈቅደው መሣሪያው ተፈታቶ ወይም ሊሠራ በማይችልበት ሁኔታ ታሽጎ ሲቀመጥ ነው። «ፈታተህ መኪናህ ውስጥ ክተተው» ያለዎት ለዚህ ነው። ቅጣቱ እስከ 6 ወር እስርና የገንዘብ መቀጮ ሊደርስ ይችላል። አልቆፈርኩም ማለት አያድንም።

የዋሽንግተን አካባቢ ችግሩ ብዙ ሰፈር ያለ ተራ መናፈሻ የሚመስለው ቦታ የፌዴራል መሬት መሆኑ ነው። ናሽናል ሞልንስ ማንም ይገምታል። ሮክ ክሪክ ግን? እሁድ እሁድ ከበሮ የሚመታበት ሜሪዲያን ሂል? በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ዳርና ዳር ያለው ሣር ሁሉ? ግሬት ፎልስ? ሁሉም የዚሁ አገልግሎት ናቸው። መግቢያው ላይ ያለውን ምልክት ያንብቡ። የቀስት ራስ ቅርጽ ያለው ዓርማና ጎሽ ካዩ ዲቴክተሩ ከመኪና አይውረድ።

ማናሳስ ላይ ደግሞ በፍጹም። እዚያ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1861 እና በ1862፣ ሁለት ጊዜ ውጊያ ተካሂዶበታል። መሬቱ በጥይት እርሳስና በዩኒፎርም ቁልፍ የተሞላ ስለሆነ ፈላጊዎች ይጎመጁበታል። ከ1979 ጀምሮ ባለው የፌዴራል የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ መሠረት፣ 100 ዓመት የሞላውን የአርኪዮሎጂ ቅርስ ከፌዴራል ወይም ከነባር ሕዝቦች መሬት ያለ ፈቃድ ቆፍሮ ማውጣት እስከ 1 ዓመት እስርና እስከ 10,000 ዶላር ያስቀጣል። የዕቃው ዋጋና የጉዳቱ ማስተካከያ ወጪ ከ500 ዶላር ካለፈ 2 ዓመትና 20,000 ዶላር ይሆናል። መሣሪያውና መኪናውም ሊወረሱ ይችላሉ።

ኦሽን ሲቲ ማንም ያልተናገረዎት የከተማው የባሕር ዳርቻ ስለሆነ ነው። እዚያ አሸዋው ላይ መፈለግ የተለመደ ነው፤ የአሸዋ ክምሮቹን ግን አይንኩ። ትንሽ ወደ ደቡብ ወርደው አሳቲግ ደሴት ሲገቡ ያው አሸዋ፣ ያው ማዕበል ነው፤ ግን ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ስለሆነ ክልክል ነው። የካውንቲና የከተማ መናፈሻዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ከመሄድዎ በፊት ስልክ ይደውሉ። የግል ግቢ ከሆነ የባለቤቱ ፈቃድ ይበቃል፤ በቃል ሳይሆን በቴክስት ይሁን። ተከራይ ከሆኑ የጓሮውም ባለቤት አከራይዎ ነው።

አሁን ወደ ቀለበቱ። ይቅርታ፣ እዚህ ላይ የሕግ ሰው ሁሉ የሚወደውን ታሪክ ሳልነግርዎት አላልፍም።

በ1722 ለንደን ውስጥ የጭስ ማውጫ የሚጠርግ አንድ ልጅ ዕንቁ ያለበት ጌጥ አገኘ። ምንነቱን ለማወቅ ወደ ወርቅ አንጥረኛ ሱቅ ወሰደው። የሱቁ ሠራተኛ ሊመዝን መስሎ ድንጋዮቹን አወጣ። ከዚያ ጥቂት ሳንቲም ሰጠው። ልጁ ገንዘቡን እምቢ አለ፤ ጌጤን መልሱልኝ አለ። ባዶ ማቀፊያውን መለሱለት። ልጁ ከሰሰ፣ አሸነፈ። ፍርድ ቤቱ ያለው ይህን ነው፦ ያገኘ ሰው ከእውነተኛው ባለቤት በቀር በሌላው ሁሉ ላይ የበለጠ መብት አለው። ድንጋዮቹን አናቀርብም ካሉም በዓይነቱ የመጨረሻውን ውድ ድንጋይ ዋጋ ይክፈሉ ተባለ። ያ ፍርድ እስከ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ይጠቀሳል።

ጓደኞችዎ የሰሙት የዚህን ፍርድ ግማሽ ነው። «ከእውነተኛው ባለቤት በቀር» የሚለውን ዘለውታል። የእርስዎ ቀለበት ደግሞ ባለቤቱን ሆዱ ውስጥ ጽፎ ይዟል።

ቀለበቱ የተገኘው ሜሪላንድ ስለሆነ የሚመለከትዎ የሜሪላንድ ሕግ ነው። የጠፋ ዕቃ ያገኘ ሰው ባለቤቱን የሚያውቅበት ምክንያታዊ መንገድ እያለ፣ ለመመለስ ተገቢውን ጥረት ካላደረገና ለራሱ ሊያስቀር ካሰበ ስርቆት ነው። «አገኘሁት እንጂ አልሰረቅኩም» የሚለው መከላከያ እዚህ አይሠራም። ዋጋው 1,500 ዶላር ከደረሰ ከባድ ወንጀል ይሆናል፤ እስከ 5 ዓመት እስርና 10,000 ዶላር ቅጣት አለው። አልማዝ ያለበት የጋብቻ ቀለበት 1,500 ዶላር ለመድረስ ብዙ አይቸገርም።

ለእርስዎ ከዚህም የሚብስ አለ። ግሪን ካርድ ነው ያለዎት። የስርቆት ጥፋተኝነት በኢሚግሬሽን ሕግ ብዙ ጊዜ ከሥነ ምግባር ጉድለት ወንጀሎች ይቆጠራል። ዜግነት ሲጠይቁ፣ አንዳንዴም ከአገር ቤት ሲመለሱ አየር ማረፊያ ላይ ይመጣብዎታል። «ትንሽ ቅጣት ከፍዬ ልገላገል» ብለው ጥፋተኛ ነኝ ያሉና በኋላ ያለቀሱ ሰዎች አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ክስ ከመጣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክሩ አንዲት ወረቀት እንዳይፈርሙ።

ስለዚህ ባለቤትዎ ልክ ናት። ቀለበቱን ፎቶ ያንሱ። ያገኙበትን ቀንና ቦታ ይጻፉ። ለከተማው ፖሊስ ያሳውቁ፤ የሪፖርቱን ቁጥር ያስቀምጡ። በማኅበራዊ ሚዲያ «የወርቅ ቀለበት አግኝቻለሁ» ማለት ይችላሉ፤ ውስጡ የተጻፈውን ስምና ቀን ግን አይለጥፉ። የኔ ነው የሚል ሰው ራሱ ይንገርዎት። አንጥረኛ ጋ ወስደው እንዳያስፍቁት ወይም እንዳያስቀልጡት፤ ያ ብቻውን ሐሳብዎን ያጋልጣል።

ሳንቲሞቹ ምንም ችግር የለባቸውም፤ ባለቤታቸው አይታወቅም። የእርስዎ ናቸው። 1964 ወይም ከዚያ በፊት የተጻፈበት የ10 ወይም የ25 ሳንቲም ካለ አይዘርዝሩት፤ 90 በመቶው ብር ነው። በነገራችን ላይ የለስላሳ ቆርቆሮ መክፈቻ ቀለበቷ ዲቴክተር ላይ ልክ እንደ ወርቅ ነው የምትጮኸው። የወንድሜን ልጅ ዲቴክተር አንድ ቀን ሙሉ ይዤ ዞሬ ያመጣሁት እሷን ብቻ ነው፤ ወደ ሠላሳ የሚሆኑ።

ግብርም አለ። በ1957 አንድ ባልና ሚስት ያገለገለ ፒያኖ በ15 ዶላር ገዙ። በ1964 ሲያጸዱት ውስጡ 4,467 ዶላር አገኙ። ገቢ አይደለም ብለው ተከራከሩ፤ በ1969 ተረቱ። ያገኙት ነገር ያለ ክርክር የእርስዎ በሆነበት ዓመት ገቢ ነው። ለጥቂት ሳንቲም ማንም አይመጣብዎትም። ትልቅ ነገር ከሆነ ግን ለግብር ሠራተኛዎ ይንገሩ።

አሁን አንኮበር።

ከኢትዮጵያ ቤተሰብ ግማሹ የተቀበረ እንስራ ታሪክ አለው። የኔም ቤት አለ፤ የኛ ደግሞ ዘንዶ የሚጠብቀው ነው። ጣልያን የቀበረው ወርቅ ካርታ አለን እያሉ ገንዘብ የሚበሉ ሰዎችም ሞልተዋል። ዲቴክተር ይዘው ከአሜሪካ መምጣትዎ በተሰማ በማግሥቱ ደጅዎ ላይ እንደሚሰለፉ አይጠራጠሩ።

ወደ ሕጉ እንግባ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ያደርገዋል። የአያትዎ ግቢ ዛሬ በአጎትዎ ወይም በሌላ ሰው ይዞታ ይሆናል። ባለይዞታው ሳይፈቅድ መቆፈር አይታሰብም። ቢፈቅድም ግን ነገሩ አላለቀም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ፍለጋ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን የጽሑፍ ፈቃድ ማካሄድን ይከለክላል። አዋጁ ድንገት ያገኘን ሰው ግን በደንብ ያስተናግዳል። ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲቆፍር፣ ሲያርስ የወጣበት ሰው ወዲያው ማሳወቅና ዕቃውን እንዳለ መጠበቅ አለበት። ሲያስረክብ ተገቢው ሽልማት ይሰጠዋል፤ ያወጣው ወጪም ካለ ይተካለታል። አክሱም አካባቢ ዝናብ ካጠበው ማሳ ላይ የጥንት ሳንቲም የሚያነሳ ገበሬ ድንገት ያገኘ ሰው ነው። ዲቴክተር ጆሮው ላይ አድርጎ ግቢ ለግቢ የሚዞር ሰው ግን «ድንገት አገኘሁ» ሊል አይችልም። ከዋሽንግተን ድረስ ይዘውት የመጡት መሣሪያ ራሱ ይመሰክርብዎታል። የአዋጁ ቅጣት ደግሞ ቀላል አይደለም፤ በዓመታት የሚቆጠር እስር አለበት።

«ጠገራ ብር ቅርስ ነው እንዴ? ፒያሳ ወርቅ ቤት ይሸጥ የለም?» ይሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ማርያ ቴሬዛ 1780 የሚል ዓመት ይዛ ለብዙ አሥርት ዓመታት ደጋግማ የታተመች ብር ናት። አንጥረኞቻችን ስንቱን መስቀል ሠርተውባታል። አንዲት ጠገራ ብር አንገት ላይ ያንጠለጠለ ሰው ቅርስ ዘረፈ አይባልም። ከመሬት የወጣ ሙሉ እንስራ ግን ሌላ ነገር ነው። መቼና ለምን እንደተቀበረ ታሪክ ይናገራል። ከጠገራው መሐል የምኒልክ ብር ወይም ከዚያ የቆየ ነገር ሊኖር ይችላል። ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው ባለሥልጣኑ ነው፤ እርስዎም እኔም አይደለንም።

ቅርስ አይደለም ቢባል እንኳ እንስራው የአገኘው ሰው ብቻ አይሆንም። አያትዎ መቅበራቸው ከተረጋገጠ ንብረቱ ውርስ ነው። አጎቶችዎ፣ አክስቶችዎ፣ የእነሱም ልጆች ይመጣሉ። አያትዎ ካረፉ ደግሞ ብዙ ዓመት ሆኗል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 በወራሽነት ጥያቄ ላይ የ15 ዓመት ይርጋ ስላለው ባለይዞታው እሱን ይዞ ሊከራከርዎት ይችላል። አንድ እንስራ ብር አንድ ሙሉ ዘመድ ሲያጣላ አይቻለሁ፤ እንስራው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ወደ አሜሪካ ይዤ ልምጣ የሚለውን ደግሞ ከወዲሁ ይርሱት። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ቦሌ ላይ ሻንጣ በኤክስሬይ ሲያልፍ አንድ ኪሎ የብር ሳንቲም እንደ በርበሬ አይታለፍም።

እና ምን ያድርጉ? እንስራውን ከልብ መፈለግ ከፈለጉ መጀመሪያ በባለይዞታው ስምምነት ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ። የቤተሰቡን ታሪክ፣ ቦታውን፣ የአረጋውያኑን ምስክርነት ይጻፉ። አጎትዎ አጥር ሲተክል ወይም ሽንት ቤት ሲያስቆፍር እንስራው በአጋጣሚ ቢወጣ ሥራው እዚያው ይቁም። ፎቶ ይነሳ። ሁለት ሽማግሌ ይጠራ። ሳይከፋፈሉ፣ ሳያጥቡ ለጽሕፈት ቤቱ ያሳውቁ፤ የማስረከቢያ ደረሰኝም ይቀበሉ። ሽልማቱ የሚጠየቀው በዚያ ደረሰኝ ነው።

ዲቴክተሩን ግን አሌክሳንድሪያ ይተዉት። ግድ ይዤ እሄዳለሁ ካሉም ሻንጣ ውስጥ ደብቀው አይግቡ፤ ከመጓዝዎ በፊት ጉምሩክን በጽሑፍ ጠይቀው መልሱን አትመው ይያዙ።

ይህ በደብዳቤዎ ላይ የተመሠረተ ጠቅላላ መልስ ነው። በቀለበቱ ጉዳይ ፖሊስ ከደወለልዎት ምንም ከመናገርዎ በፊት ሜሪላንድ ውስጥ የሚሠራ ጠበቃ ያነጋግሩ።