ከበሩ በላይ ያለው ስንጥቅ ለምን በየብርዱ ይመለሳል?

አንዲት እህት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ የምንኖርበት ታውንሃውስ በ1986 የተሠራ ነው። ከመኝታ ቤቱ በር የላይኛው ጥግ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ኮርኒሱ የሚወጣ ስንጥቅ አለ። ሁለት ጊዜ ስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ቀለም ቀባሁት። የሙቀቱን ወራት ደህና ይከርማል። ጥር ሲገባ እዚያው ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ቤቱ እየሰመጠ ይሆን ብዬ ተጨንቄያለሁ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ጭንቀቱን ቀነስ አድርጊው። በብርድ ተከፍቶ በሙቀት የሚገጥም ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ከመሠረት ጋር አይገናኝም። የእንጨትና የመገጣጠሚያ ጉዳይ ነው። አንቺ ክፍተቱን ሞላሽው፤ ግራና ቀኙን ግን ማንም አላሰረውም።

የዚህ አገር ቤት አጥንቱ እንጨት ነው። ከበሩ በላይ አግድም የተቀመጠ ወፍራም ተሸካሚ እንጨት አለ፤ ሄደር ይሉታል። ብርድ ሲመጣ ማሞቂያው ሌት ተቀን ይሠራል፣ የቤቱ አየር ይደርቃል። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ ምንም ያህል አያጥርም፤ የሚኮማተረው በወርዱ ነው። ያ ሄደር ትንሽ ሲኮማተር የተመታበትን ድራይዎል፣ ማለትም የግድግዳውን የጂፕሰም ሰሌዳ፣ ይዞት ይሄዳል። ጉልበቱ የሚጠራቀመው ደግሞ በሩ ጥግ ላይ ነው፤ የቀሚስ ቅድ ሁልጊዜ ከጫፉ እንደሚተረተረው።

ስንጥቁ ሰያፍ ቢሆን ኖሮ ሰሌዳው ራሱ ተሰብሯል እልሽ ነበር። ያንቺ ቀጥ ብሎ ስለወጣ ሁለት ሰሌዳዎች ልክ በበሩ ጠርዝ መስመር ላይ ሳይገጥሙ አይቀርም። ጎበዝ ሠራተኛ ሰሌዳውን በሩን አሳልፎ ይመታውና የበሩን ክፍት ቦታ ቆርጦ ያወጣል። ያኔ መገጣጠሚያው ጥጉ ላይ አይወድቅም። ጥቂት ሰሌዳ ላለማባከን ሲባል ባለቤቱ ለዓመታት ሲለፋ ማየት እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አሁን ሄደሽ አውራ ጣትሽን ከስንጥቁ በስተግራ አድርጊና ግድግዳውን ጫን በይ። ከዚያ በስተቀኝ። አንዱ ወገን ገባ ብሎ ስትለቂው ከተመለሰ፣ ወይም የወረቀት ጭረት የመሰለ ቀጭን ድምፅ ከሰማሽ፣ ሰሌዳው እንጨቱን አልያዘም ማለት ነው። ስንጥቁ ያበቃበት ጫፍ ላይም በእርሳስ አጭር መስመር አስምሪና ቀኑን ጻፊ።

መሐንዲስ የሚያስጠራው ይሄ ነው፦ ስንጥቁ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ከሰፋ፣ አንዱ ወገን ከሌላው ወጣ ካለ፣ በሩ አልዘጋ ካለ፣ ውጭ ጡቡ ላይ የደረጃ ቅርፅ ያለው ስንጥቅ ካየሽ፣ ወይም ሙቀት ብርድ ሳይል ከእርሳሱ ምልክት እያለፈ ከሄደ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ሥራው በእጅሽ ነው።

ጊዜው ብርዱ ሲጠና፣ ስንጥቁ በደንብ ሲከፈት ይሁን። ተዘግቶ ሳለ ከሠራሽው ብርዱ ሲመለስ የሚለጠጠው አዲሱ ሥራሽ ነው።

የለቀቀውን ስቱኮና መገጣጠሚያው ላይ የተለጠፈውን አሮጌ ቴፕ በሙሉ ልጠሽ አውጪ። አጥብቆ የያዘው ላይ ስትደርሺ በካተር ቁረጪና ተዪው። ካተሩን ከሰሌዳው ውፍረት፣ ከግማሽ ኢንች በላይ አታስገቢ። በሩ አጠገብ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ገመዱም ብዙ ጊዜ የበሩን እንጨት ተከትሎ ነው የሚሄደው። ቤታቸው ከ1978 በፊት የተሠራ አንባቢዎች ደግሞ ሳያስመረምሩ አይፋቁ። አሮጌው ቀለም ሊድ የሚሉት መርዛማ ብረት፣ አሮጌው ስቱኮ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል።

ከዚያ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ፣ ከኋላ እንጨት ባለበት፣ በየ20 ሴንቲሜትሩ የድራይዎል ብሎን እሰሪ። 1¼ ኢንች ይበቃል። የብሎኑ ራስ ትንሽ ይስመጥ እንጂ የሰሌዳውን የፊት ወረቀት አይቅደድ። ወረቀቱ ከተቀደደ ያ ብሎን አይዝም፤ አጠገቡ ሌላ እሰሪ። ብሎኑ ዝም ብሎ ከዞረ ከኋላው ባዶ ነው። ያኔ የጥጉን ሰሌዳ ቆርጦ ማውጣት፣ ከኋላ እንጨት ማሰርና ጥጉን የሚያቅፍ አንድ ወጥ ቁራጭ መግጠም ያስፈልጋል። ያንን ለባለሙያ ስጪው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አያቶቻችን ጭቃ ቤት ሲመርጉ ጭቃውን በጭድ ያቦኩት ነበር። ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። የድራይዎል ጭድ ቴፑ ነው። ስቱኮ ብቻውን መጎተትን አይችልም። አንቺም ሁለቱንም ጊዜ ቴፕ አላነሳሽልኝም።

የወረቀቱን ቴፕ ግዢ። መረብ የሚመስለው ተለጣፊ ቴፕ ለሥራ ይቀላል፤ ግን ወረቀቱን ያህል አይችልም። እዚህ አገር ሥራ ስጀምር መረቡን በባልዲ ተበጥብጦ ከሚሸጠው ኮምፓውንድ (አንቺ ስቱኮ ከምትዪው መሙያ) ጋር ተጠቅሜ የአንድ ሰው ስንጥቅ በዓመቱ ተመለሰ። ሄጄ በነፃ ደግሜ ሠራሁለት። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ወረቀት ብቻ ነው የምጠቀመው።

ሱቅ ገብተሽ ስቱኮ ብትዪ የውጭ ግድግዳ ልስን ነው የሚያሳዩሽ። ጆይንት ኮምፓውንድ በይ። በከረጢት የሚሸጠውን፣ በውኃ የሚበጠበጠውን ዱቄት ውሰጂ። ከረጢቱ ላይ ያለው 45 ወይም 90 የሚጠነክርበት ደቂቃ ግምት ነው። ለአንቺ 90 ይሻልሻል። መበጥበጫው ንጹህ ይሁን፤ የቀድሞ ቅሪት ካለበት እጅሽ ላይ ይደርቃል።

መጀመሪያ ክፍተቱን ሙይና ይጠንክር። ከዚያ 3 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ኮምፓውንድ ከቴፑ ሰፋ አድርገሽ ቀቢ። ቴፑን አስቀምጪና በ6 ኢንች ስፓቱላ ከመሐል ወደ ጫፍ ተጫኚው። ከቴፑ ግራና ቀኝ ኮምፓውንዱ እንደ ቀጭን ክር ብቅ ካለ ይዟል። ደረቅ የቀረ ቦታ ካለ ነገ አረፋ ሆኖ ይነሳል። ስለዚህ እዚያው አንሺውና ከሥሩ ጨምሪ። ስፓቱላውን ደግሞ እጅግ አትጫኚ፤ ከቴፑ ሥር ሁሉም ተጨምቆ ከወጣ የሚይዘው ነገር አይኖርም።

ቀጥሎ ያሉት ሁለት ሽፋኖች ስስ ይሁኑ፤ ለእነሱ የባልዲው ኮምፓውንድ ይበቃል። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አትደርቢ። ቦታው የተቆረጡ ጠርዞች የገጠሙበት ስለሆነ ቴፑ ጉብታ ይሠራል። ጉብታውን በማሸት ላጥፋ ብትዪ ቴፑን ታገኚዋለሽ። መፍትሔው ማስፋት ነው። የመጨረሻውን ሽፋን በ12 ኢንች ስፓቱላ በእያንዳንዱ ወገን 30 ሴንቲሜትር ያህል ዘርጊው። ሲደርቅ የእጅ ባትሪ ከጎን አብሪበት፤ ዓይንሽ ያላየውን ጥላው ያሳይሻል።

የእርጥበት መለኪያም ግዢ። ብርዱን ሙሉ የቤቱ እርጥበት ከ30 በመቶ በታች እንዳይወርድ አድርጊ፤ እንጨቱም ያን ያህል አይኮማተርም። መስኮቱ ውኃ ማላብ ከጀመረ ግን ቀንሺ።

ቀለም ከመቀባትሽ በፊት ኮምፓውንዱ ላይ ፕራይመር፣ ከቀለም በፊት የሚቀባውን መነሻ ሽፋን፣ አስቀድሚ። ያለ ፕራይመር ኮምፓውንዱ ቀለሙን ይመጠዋል፤ የሠራሽበት ቦታም ደብዝዞ በሩቁ ይለያል።