ጥያቄና መልስ፦ «ፈጣሪ መኖሩን በሳይንስ የሚያስረዳ መጽሐፍ ይጠቁሙኝ»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እንደሚያውቁት የካ አባዶ አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በመምህራን ማረፊያ ክፍል «ድንቅነሽ አምስት ኪሎ ሙዚየም ተኝታ እያለች አንቺ ስለ አዳም ታወሪያለሽ» እያለ ይስቅብኛል። ኢንተለጀንት ዲዛይን ስለሚባለው ሐሳብ ክርስቲያኖች የጻፏቸውን መጻሕፍት ቢጠቁሙኝ አንድ ጊዜ አፉን አስዘግቼው ዐርፍ ነበር።

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ስላደግሽ ስለ ሃያ ሁለቱ ሥነ ፍጥረት አልነግርሽም፤ ለሕፃናቱ አንቺ ራስሽ ስታስተምሪ ሰምቻለሁ። መጻሕፍቱን እጠቁምሻለሁ። «አፉን አስዘግቼው» ያልሺው ግን ከጥያቄው ይልቅ አሳስቦኛልና ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ኢንተለጀንት ዲዛይን፣ ሕይወት ያላቸው ነገሮች በአንድ ብልህ ሠሪ ታቅደው እንደ ተሠሩ በሳይንስ ማሳየት ይቻላል የሚል ሐሳብ ነው። በዚህ ስም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ነው። የሕግ ፕሮፌሰሩ ፊሊፕ ጆንሰን በ1991 ዳርዊንን ለፍርድ የሚያቀርብ መጽሐፍ ጻፉ። በ1996 ደግሞ ካቶሊካዊው የባዮኬሚስትሪ ምሁር ማይክል ቢሂ «የዳርዊን ጥቁር ሣጥን» የሚል ትርጉም ያለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። የቢሂ ምሳሌ የአይጥ ወጥመድ ነው። ጣውላው፣ ሞላው፣ አይጧን የሚመታው ሽቦ፣ ማሰሪያው፤ ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ወጥመዱ ጥቂት አይጥ ይይዛል ማለት አይደለም፣ ምንም አይይዝም። በሕዋስ ውስጥም አንድ ክፍል ቢጎድላቸው የማይሠሩ ነገሮች አሉ፤ ቀስ በቀስ ሊመጡ አይችሉምና አንድ አሳቢ አዘጋጅቷቸዋል ይላሉ። ባክቴሪያ የሚዋኝበት፣ እንደ ሞተር የሚሽከረከረው ጅራት ዋነኛ ማስረጃቸው ነው። ስቲቨን ሜየር በ2009 ያወጡት መጽሐፍ ደግሞ በዲኤንኤ ላይ የተጻፈው መረጃ ጸሐፊ አለው ብሎ ይከራከራል። ከሁሉም አንድ ብቻ የማንበብ ጊዜ ካለሽ የቢሂን ምረጪ።

እነዚህን ካነበብሽ የፍራንሲስ ኮሊንስንም ማንበብ አለብሽ። ሰውየው የሰውን ልጅ ዘረ መል ያነበበውን ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት የመሩ ሳይንቲስት ናቸው፤ ከክህደት ወደ ክርስትና የመጡ አማኝም ናቸው። በ2006 ባሳተሙት «የእግዚአብሔር ቋንቋ» በተሰኘ መጽሐፋቸው ዝግመተ ለውጥን ይቀበላሉ፣ ኢንተለጀንት ዲዛይንን ግን ይነቅፋሉ። ሁሉም ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉ ጸሐፊዎች ስለሆኑ በማስተዋል አንብቢ። በ2005 በፔንስልቬንያ ግዛት፣ ዶቨር በተባለች ከተማ የተነሣውን ክርክር የመረመረው የፌዴራል ፍርድ ቤት ኢንተለጀንት ዲዛይን ሳይንስ አይደለም፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍልም ሊሰጥ አይገባም ብሎ ወስኗል። ጠመኔ ይዘሽ የምትቆሚ መምህርት ነሽና ይህን አስቀድመሽ ብታውቂው ይሻላል፤ ባልደረባሽ ካወቀው መጀመሪያ የሚያነሣብሽ እርሱን ነው።

አሁን ወዳሳሰበኝ ነገር ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ብላቴና በየሳምንቱ ከሰርክ ጉባኤ በኋላ ይጠብቀኝ ነበር። ስልኩ ላይ የሰበሰባቸውን ቪዲዮዎች፣ ያንኑ የባክቴሪያ ጅራት፣ ከጥዱ ሥር አስቀምጦ ያሳየኛል። «መምህር፣ አለቀላቸው እኮ!» ይለኛል። እኔም ደስታውን ላለማጥፋት እስቅለታለሁ። ዩኒቨርሲቲ በገባ በመጀመሪያው ዓመት መምህሩ የባዮሎጂ ምሁሩን የኬኔት ሚለርን መልስ አስነበቡት። ሚለርም ካቶሊካዊ ነው፤ በዶቨሩ ችሎት የመሰከረውም ኢንተለጀንት ዲዛይንን በመቃወም ነው። የጅራቱ የተወሰኑ ክፍሎች፣ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች መርዝ የሚወጉበት መርፌ መሰል መሣሪያ ላይም አሉ፤ ስለዚህ ከፊሉ ብቻውን ሌላ ሥራ ሊሠራ ይችላል የሚል ነው መልሱ። ምሁራኑ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ልጁ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም። በዚያ ዓመት ለጥምቀት ከታቦቱ ጋር አልወረደም። እናቱ መጥታ ስታለቅስ ጥፋቱ የእኔም እንደ ነበረ ገባኝ። እምነቱን በአንዲት የባክቴሪያ ጅራት ላይ ሲያንጠለጥል አጠገቡ ተቀምጬ እስቅ ነበርና።

ደጋግሜ ያገኘሁት ስሕተት ይህ ነው። ሰው የእግዚአብሔርን ሥራ የሚፈልገው ሳይንስ ያልደረሰበት ጨለማ ውስጥ ብቻ ነው። መብራት በበራ ቁጥር ለእግዚአብሔር የቀረችው ጥግ እየጠበበች የምትሄድ ይመስለዋል። እስቲ ከራስሽ ትምህርት ልጠይቅሽ። ፅንስ በየሳምንቱ እንዴት እንደሚያድግ በሰሌዳ ላይ እየሣልሽ ታስተምሪያለሽ። ማታ ደግሞ ከዳዊት ጋር «አንተ ኵላሊቴን ፈጥረሃልና፥ በእናቴም ሆድ ሰውረኸኛል» ትያለሽ (መዝ. 138፥13)። ጠዋት ያስተማርሽው ማታ የጸለይሽውን አፍርሶብሽ ያውቃል?

እናቴ ጤፍ ስታቦካ እርሾ ካልጨመረች ሊጡ ኩፍ እንደማይል ጠንቅቃ ታውቃለች። ብርድ ሲሆን እንደሚዘገይ፣ ሲሞቅ እንደሚፈጥን፣ ስንት ቀን እንደሚበቃው ከእኔና ከአንቺ በላይ ታውቃለች። ሆኖም ቡሃቃውን ከመክደኗ በፊት በእጇ ጠርዝ ሊጡ ላይ መስቀል ትሠራለች። «እርሾው ከሠራው እግዚአብሔር ምን ሥራ ቀረው?» የሚል ጥያቄ በሕይወቷ ተነሥቶባት አያውቅም። «ለምድርም ዝናምን የሚያዘጋጅ» የሚለውን መዝሙር (146፥8) የምንደግመውም ሜትዎሮሎጂ የነገውን ዝናብ በነገረን ማግስት ነው።

የአይጥ ወጥመድ የሚሠራ ባለሙያ ጣውላና ሽቦ ከገበያ ገዝቶ ይገጣጥማል። የእኛ ፈጣሪ ጣውላውንም ሽቦውንም ካለመኖር ያመጣ ነው። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ ቢሳካ እንኳን የሚያደርስሽ ወደ አንድ ብልህ ሠሪ ነው፤ ያ ሠሪ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ መሆኑን፣ ስለ አንቺም መሰቀሉን ማይክሮስኮፕ አያሳይሽም። ሐዋርያው «ዓለሞች በእግዚአብሔር ቃል እንደ ተዘጋጁ» ብሎ ሲጽፍ የሚያስተውለው «በእምነት» ነው ይላል (ዕብ. 11፥3)።

ከአባቶች ቅዱስ ባስልዮስን አንብቢ። ስለ ስድስቱ ቀናት ዘጠኝ ስብከቶች አሉት፤ በዐቢይ ጾም የሰበካቸው ናቸው። ሥራ እንዳይረፍድባቸው የሚጣደፉ የእጅ ባለሙያዎች ከበውት ቆመው ነበርና በአንዱ ስብከት ለማሳጠር ይቸኩላል። ጠዋት ከየኮንዶሚኒየሙ ወጥተው ደጃችንን ተሳልመው ወደ አውቶቡስ የሚሮጡትን ሳይ እርሱን አስባለሁ። ባስልዮስ በዘመኑ የታወቀውን የተፈጥሮ ዕውቀት ሳይፈራ ይጠቅሳል። ሙሴ የምድርን ዙሪያ ልክ አለመጻፉ ደግሞ ምንም አያሳንሰውም ይላል፤ ኦሪት የተጻፈችው ለዚያ አይደለምና። ከእኛም ቤት በቅዱስ ኤጲፋንዮስ ስም የሚታወቀው፣ ስለ ሥነ ፍጥረት የሚናገረው አክሲማሮስ የተባለ መጽሐፍ አለ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ዳርዊን በሞት አልጋው ላይ ንስሐ ገባ የሚለውን ታሪክ እኔም በዐውደ ምሕረት ተናግሬዋለሁ። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1915 በአንዲት ሴት ስም የወጣ ነው፤ የዳርዊን ልጅ ሄንሪየታ በ1922 ሐሰት መሆኑን በጽሑፍ መስክራለች። ይህን ካወቅሁ በኋላ እዚያው ቆሜ አርሜዋለሁ፤ አንዳንዱ ሰው ግን አልወደደልኝም። ለእውነት ብለሽ ውሸት አትዋሺ። ስለ ድንቅነሽም በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘውን አጥንት «የለም» ብለሽ አትከራከሪ።

ወደ ባልደረባሽ ስመጣ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ካለ በኋላ «በየዋህነትና በፍርሃት» የሚል ጨምሮበታል (1ጴጥ. 3፥15)። አፍ ማስዘጋት ከዚያ ውስጥ የለም። ቅዳሜ ከሰርክ በኋላ ነዪና አክሲማሮሱን አውስሻለሁ፤ ሽፋኑ ስለ ተገነጠለ በጋዜጣ ጠቅልለሽ ያዥው፣ መልሽውም፤ ያለፈው ተዋሽ እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። ባልደረባሽ ፈቃደኛ ከሆነ አብሮሽ ይምጣና ቡና እንጠጣ። አምስት ኪሎ ለሕዝብ የምትታየው ድንቅነሽ ቅጂዋ መሆኗን ያውቅ እንደ ሆነም እጠይቀዋለሁ።