ወንዶች ናቸው ተብለው የተገዙት ላቭበርዶች እንቁላል ጣሉ

ጥያቄ

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሳሎናችን ውስጥ ሁለት ላቭበርዶች፣ ማለትም ትናንሽ የበቀቀን ዝርያ ወፎች፣ አሉን፤ ሰውነታቸው አረንጓዴ፣ ፊታቸው ሮዝ ነው። ሻጩ «ሁለቱም ወንዶች ናቸው፣ አይራቡም» ብሎ ነበር የሸጠልን። ሰሞኑን አንደኛው የልጄን ደብተር ጠርዝ በቀጭን በቀጭኑ እየቀደደ ከጅራቱ በላይ ባለው ላባ መሐል ሲሰካ እያየን እንስቅ ነበር። ሰኞ ጠዋት የእህል ሳህናቸው ውስጥ አንድ እንቁላል አገኘን። ረቡዕ ሁለተኛው፣ ዓርብ ሦስተኛው ተጨመረ። አሁን አንዷ ሳህኑ ላይ ተቀምጣ አልነሳም ብላለች፤ እጅ ሲቀርባት ትናከሳለች።

ባለቤቴ «ከዶሮዋ ሥር እናድርገው» ይላል፤ ጎረቤቴ «ጣሉት» ትላለች። ልጆቹ ደግሞ ጫጩት ካላየን ብለው ቤቱን አምሰውታል። ወሩ ኅዳር ነው፣ ሌሊቱ ውርጭ፤ ቤታችን ማሞቂያ የለውም። ምን ላድርግ? ቢፈለፈሉስ፣ ሲያድጉ በአንኮበር በኩል ከሚታዩት አረንጓዴ ወፎች ጋር ልንለቃቸው እንችላለን?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

እንቁላሎቹን ለጊዜው አያንሷቸው። ላቭበርድ እንቁላሏ ከሥሯ ሲጠፋ የጎደለውን ለመሙላት መልሳ ትጥላለች። ጎረቤትዎ እንዳሉት ቢያደርጉ ሦስቱን ወደ ስምንትና ዘጠኝ ይወስዱታል፤ የዛጎሉ ካልሲየም የሚወጣው ደግሞ ከራሷ አጥንት ነው። ወፏ 50 ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ አንዱ እንቁላል 4 ግራም ያህል ነው። አምስት ስትጥል ከክብደቷ ከሲሶ በላይ አወጣች ማለት ነው።

የባለቤትዎ ሐሳብ ከሩቁ ሲያዩት ያስኬዳል፤ ዶሮ 21 ቀን፣ ላቭበርድ 22 ወይም 23 ቀን ነው የምትታቀፈው። ግን ይህቺ ትንሽ እንቁላል የዶሮ ክብደት አትችልም። ብትችልም የዶሮ ጫጩት ወዲያው ጭሮ ይበላል፣ የላቭበርድ ጫጩት ግን ዓይኑ ሳይገለጥ ራቁቱን ነው የሚወጣው፤ ወላጆቹ አፍ ለአፍ ካላጎረሱት ይሞታል። ዶሮ ይህን አታውቅም።

ሻጩ አውቆ አልዋሸ ይሆናል፤ የዚህ ዝርያ ወንድና ሴት በመልክ አይለይም። ወረቀት ቀድዳ ላባዋ ውስጥ የምትሰካው ግን ሴቷ ናት፤ ወንዱ አንዳንዴ ቢሞክር እንኳ አያያዙን አያውቅበትም። እንቁላሎቹ ቀን እየዘለሉ መምጣታቸውም የጣለችው አንዲት ሴት መሆኗን ያሳያል። ሌላው ወንድ ይሁን ሴት ግን በዚህ አይታወቅም። ሁለት ሴቶችም እንደ ባልና ሚስት ይጎራረሳሉ፤ ያለ ወንድ የተጣለ እንቁላል ደግሞ አይፈለፈልም።

አንድ ዙር ከአራት እስከ ስድስት እንቁላል ስለሆነ ገና አልጨረሰችም። ስለዚህ ከጫጩቱ በፊት የእናቲቱ ነገር ይታሰብ። ትልቁ አደጋ እንቁላል ሆዷ ውስጥ መቅረቱ ነው፤ የሚያመጡትም ብርድ፣ የካልሲየም እጥረትና ተደጋጋሚ መጣል ናቸው። ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ላባዋን ነፍታ ከቆጥ ወርዳ ወለል ላይ ትቀመጣለች፣ በተነፈሰች ቁጥር ጅራቷ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ታምጣለች፣ ከእግሯ መሐል እብጠት ይታያል፣ አንዳንዴም እግሯ ይሰንፋል። ሳህኑ ላይ ተቀምጣ የምትናከስ ወፍ ጤነኛ ናት፤ ወለል ላይ ተቀምጣ ዝም የምትል ናት የሚያሰጋት።

እንዲያ ከሆነች በካርቶን ውስጥ ፎጣ አንጥፈው ያስገቧት። በአንድ ወገን ብቻ ሙቅ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ በዚያ በኩል ሙቀቱ 30 ዲግሪ ገደማ ይሁን፣ ሲበዛባት ወደ ሌላው ወገን ትሸሽ። አየሩ እንዳይደርቅ እርጥብ ጨርቅ ከጎን ይኑር። ሆዷን አይጫኑ፣ እንቁላሉን በጣት ለማውጣትም አይሞክሩ፤ ውስጧ ከተሰበረ አትተርፍም። ሁለት ሰዓት ጠብቀው ለውጥ ካላዩ ከነካርቶኑና ከነሙቀቱ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት፤ የካልሲየም መርፌ ብዙ ጊዜ ይረዳል። ሳይነጋ አይሆንም ብለው አይደሩ። ወፍ የሚያይ ሐኪም በአካባቢዎ መኖሩን ከአሁኑ ጠይቀው ስልኩን ይያዙ፤ 130 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ለታመመች ወፍ ቀላል አይደለም።

ካልሲየሙ እቤትዎ አለ። የዶሮ እንቁላል ቅርፊት 10 ደቂቃ ቀቅለው በደንብ ያድርቁ፣ በሙቀጫ ወቅጠው ለብቻው በትንሽ ሳህን ያስቀምጡላት፤ የሚበቃትን ራሷ ትወስዳለች። ከቅጠል ጎመን ይስጧት። ቆስጣ ተመሳሳይ ይመስላል እንጂ ካልሲየሙን የሚይዝ ንጥረ ነገር ስላለው አይተካውም። ኑግና ሱፍ ቅባታቸው ብዙ ነው፣ በቁንጥጫ ብቻ ይሁኑ፤ መሠረቱ ዳጉሳና ማሽላ ይሁን። በሁለት ቀን አንዴ ጨው የሌለው የተቀቀለ እንቁላል በሻይ ማንኪያ ይጨምሩ። አቮካዶ ይመርዛቸዋል፣ ለልጆቹ ይንገሯቸው። ካልሲየሙ ሥራ ላይ እንዲውል ፀሐይ ያስፈልጋል። መስታወት የሚጠቅመውን ጨረር ስለሚያስቀር ኬጁን ጠዋት 20 ወይም 30 ደቂቃ መስኮቱ በተከፈተበት በኩል ያድርጉት፤ ግማሹ ጥላ ይሁን፣ ንፋስ አይግባ።

ሌሊቱን በተመለከተ፣ ታቅፋ እስካለች ድረስ እንቁላሎቹን የምታሞቀው ራሷ ናት፤ ብርዱ የሚጎዳው እሷን ነው። ኬጁን ከውጭ ግድግዳና ከበር አርቀው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያድርጉ፣ ሦስቱን ጎን በወፍራም ጨርቅ ይሸፍኑ። ከሰል ግን ሳሎን ውስጥ አይግባ። የወፍ ሳንባ ከእኛ ይልቅ ጭስን ፈጥኖ ይቀበላል፤ ለእኛ ራስ ምታት የሚሆነው ለእሷ ሞት ነው። የቡናው ከሰልም፣ ዕጣኑም፣ ሲግል የሚጨስ ቴፍሎን መጥበሻም ወደ ሌላ ክፍል ይዛወሩ። ቡና በሳሎን የማፍላት ልማድ ለአንድ ወር መቅረቱ ቅር ያሰኝ ይሆናል፤ ኬጁን ወደ መኝታ ቤት መውሰድ ደግሞ ታቅፋ ያለችውን ያስበረግጋል። የሚንቀሳቀሰው ረከቦቱ ይሁን።

የእህል ሳህኑን ለእሷ ይተዉላት፤ ለእህል ሌላ ይግዙ። የብረት ሳህን ቀዝቃዛ ስለሆነ ስትነሳ ጠብቀው ከእንቁላሎቹ ሥር ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት በቀጭኑ ቀድደው ያንጥፉ። ሳጥን አሠርቶ እንቁላሎቹን ወደዚያ ማዛወር መልካም ይመስላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ሴቷ ባዶውን ሳህን ታቅፋ ሳጥኑን ትተወዋለች። ሳጥኑ ለሚቀጥለው ዙር ይቆይ፦ ወለሉ 20 በ20፣ ከፍታው 25፣ ቀዳዳው 5 ሴንቲ ሜትር፣ ቀለም ካልተቀባ ጣውላ።

አሁን ወደ ውሳኔው። ጫጩት ካልፈለጉ እንቁላሎቹን ቀቅለው መመለስ ነው። ታቅፋ ከተቀመጠች ሦስትና አራት ቀን ሳይሞላ ይደረግ፤ ከዚያ በኋላ ጽንስ ይጀምራል። በእርሳስ ምልክት አድርገው አንድ በአንድ ያንሱ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከትተው ቀስ ብለው ያፍሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ 15 ደቂቃ ይቆይ። ፍጹም ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ ይመልሱት። አዲስ የምትጥለውንም እንዲሁ ያድርጉ፤ ምልክት የሌለው አዲሱ ነው። ከዚያ እስክትሰለች ይተዉላት፣ 25 ቀን ገደማ ይወስዳል። ቀድሞ መውሰድ ሌላ ዙር መጥራት ነው።

ጫጩት ከተፈለገ ደግሞ ከተቀመጠች በ7ኛው ቀን ማታ መብራት አጥፍተው በስልክ መብራት ይዩ። ካርቶን ላይ ጣት የማታስገባ ቀዳዳ ሠርተው መብራቱን ከሥር ያድርጉ፣ እንቁላሉን ለጥቂት ሰከንድ ቀዳዳው ላይ ያቆዩት። እንደ ሥር የተዘረጉ ቀይ ደም ሥሮች ካሉ ዳብሯል፤ ጥርት ያለ ቢጫ ብቻ ከሆነ አልዳበረም፤ ዙሪያውን ቀይ ቀለበት ብቻ ካዩ ሞቷል። የበጋው አየራችን ደረቅ ስለሆነ ጫጩቱ ዛጎሉ ውስጥ ተጣብቆ የሚሞትበት ጊዜ አለ፤ ለብ ያለ የመታጠቢያ ውሃ ጠዋት ጠዋት ያኑሩላት፣ ላባዋ ይዞት የሚመጣው እርጥበት ይበቃል። ዛጎሉ መሰንጠቅ ከጀመረ እስከ ሁለት ቀን ሊወስድ ስለሚችል ቸኩለው አይላጡት። ጫጩቶቹ ቀን እየዘለሉ ይወጣሉ፣ በስድስት ሳምንት ገደማ ጎጆ ይለቃሉ፣ በስምንት ሳምንት ራሳቸውን ይችላሉ።

እኔን ቢጠይቁ፣ በዚህ ወር፣ ማሞቂያ በሌለው ቤት፣ የመጀመሪያዋ ለሆነች ሴት መቀቀሉን እመርጣለሁ። ልጆቹ ካመረሩ ከሁለት በላይ የዳበረ እንቁላል አይተዉ።

ሁሉም ሲያልቅ ሳህኑን ያንሱ፣ ወረቀት ከአጠገቧ ያርቁ፣ ጀርባዋን አይዳብሷት። ኬጁን ማታ 12 ሰዓት ሸፍነው ጠዋት 2 ሰዓት ይግለጡት፤ ረጅም ጨለማ መጣሉን ያስተዋታል። በዓመት ከሁለት ዙር በላይ አይፍቀዱላት።

ስለ መልቀቁ፣ አይቻልም። ያንኮበሮቹ የኛው ደጋ ላቭበርዶች ናቸው፤ ጥድና ዋርካ ያለበት ያኖራቸዋል፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ሲሆን ሴቷ ሙሉ አረንጓዴ ናት። የእርስዎ ግን ከናሚቢያና ከአንጎላ ደረቅ አገር የመጣ ሌላ ዝርያ ነው። ተለቅቆ ሳህን እየፈለገ የመጀመሪያው ውርጭ ይጨርሰዋል፣ በሽታ ይዞ ከሄደም ለአገሬዎቹ ይተርፋል። ጫጩት ከመጣ ተቀባዩን ከመፈልፈሉ በፊት ይፈልጉ፤ ወንድም እህትማማቾቹንም አንድ ኬጅ ውስጥ አብረው አያሳድጉ።