ካሜራው ይርከስ፣ ባትሪው አይርከስ፦ ስለ ካሜራ ትራፕ ጥያቄና መልስ

ዛፍ ላይ ታስሮ እንስሳ ሲያልፍ ራሱ የሚያነሳውን ካሜራ አንዳንዱ ትሬል ካሜራ፣ አንዳንዱ ካሜራ ትራፕ ይለዋል። እዚህ የተመለሱት ከአስጎብኚዎች፣ ከተማሪዎች፣ ማሳቸውን ጃርት ካስቸገራቸው ገበሬዎችና ከውጭ አገር ዕቃ ሊልኩ ካሰቡ ሰዎች የመጡ ጥያቄዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ 48 ሜጋፒክስል የሚል በ50 ዶላር አለ፣ 20 ሜጋፒክስል የሚል ደግሞ በ110። ርካሹ በቁጥር በልጦ እንዴት ይረክሳል?

ቁጥሩ የውሸት ስለሆነ ነዋ። በርካሾቹ ውስጥ ያለው የምስል ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋፒክስል አይበልጥም፤ የቀረውን ሶፍትዌሩ ለጥጦ ነው የሚሞላው። ፋይሉ ይከብዳል እንጂ የነብሩ ነጠብጣብ አይጠራም። እንዲያውም ትልቁን ፋይል ሜሞሪ ላይ ጽፎ እስኪጨርስ ሁለተኛው እንስሳ ያልፍበታል። ገዝተኸው ከሆነ ሴቲንጉን ወደ 4 ወይም 5 ሜጋፒክስል አውርደው፣ ምንም አታጣም።

በምትኩ ሦስት ነገር እይ። አንደኛ፣ እንስሳው ከገባ በኋላ ስንት ሰከንድ ቆይቶ ያነሳል? ከግማሽ ሰከንድ በላይ ከሆነ በመንገድ ላይ የሚያልፍ እንስሳ ጭራው ብቻ ነው የሚደርስህ። ሁለተኛ፣ ካነሳ በኋላ ለቀጣዩ ፎቶ ስንት ሰከንድ ይፈልጋል? ሦስተኛ፣ ከታች የውጭ ባትሪ መሰኪያ አለው ወይ፣ ካለውስ ስንት ቮልት ይላል? ይህ ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚያልፈው ነው፤ በኋላ የሚጸጽተውም እሱ ነው።

ጥያቄ፦ 850 እና 940 የሚባለው ምንድን ነው?

የሌሊት መብራቱ የሞገድ ርዝመት ነው፣ በናኖሜትር። 850 ሲበራ ፊት ለፊት ላየው ደብዘዝ ያለ ቀይ ፍም ይመስላል፤ ብርሃኑ ሩቅ ይደርሳል፣ ምስሉም ይጠራል። 940 ለዓይን አይታይም፣ ግን ቅርብ ነው የሚያበራው፣ ምስሉም ሻካራ ነው። ሌባ የሚፈራበት ቦታ 940፣ ሌላ ቦታ 850 ይሻላል። «25 ሜትር ያበራል» የሚለውን ግማሹን ብቻ እመን።

ጥያቄ፦ ከሱቅ የገዛሁትን ባትሪ ድንጋይ ከትቼ ቀን ቀን ጥሩ ያነሳል፤ ሌሊት ግን ወይ ይጠፋል ወይ ጥቁር ፎቶ ይሰጠኛል። ካሜራው ተበላሽቶ ነው?

ካሜራው ጤነኛ ነው። ቀን የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው፤ ሌሊት ኢንፍራሬዱ ሲበራ ግን ወደ 1 አምፔር ገደማ በአንዴ ይስባል። ርካሹ የዚንክ ካርቦን ባትሪ ድንጋይ ለግድግዳ ሰዓትና ለሪሞት የተሠራ ነው። ያን ያህል ሲሳብ ቮልቱ ይወድቃል፣ ካሜራው ባትሪ ያለቀ መስሎት ይዘጋል።

አልካላይን ይሻላል፣ ግን እያለቀ በሄደ ቁጥር ቮልቱ ቀስ በቀስ ስለሚወርድ መጀመሪያ የሚደክመው የሌሊቱ ብርሃን ነው። ደግሞ ባዶውን ለወራት ከተውከው የሚበላ ፈሳሽ ተፍቶ የባትሪ መያዣውን ሞላ (ስፕሪንግ) ይበላዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ቻርጅ የማይደረገው የ1.5 ቮልት ሊትየም ነው፤ ቮልቱ እስከ መጨረሻው አይወርድም፣ ብርድም አይነካውም። ግን ውድ ነው።

መካከለኛው መንገድ ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው። አንድ ወጥመድ አለው፦ አንዱ 1.2 ቮልት ነው። አራት ባትሪ ብቻ የሚይዝ ካሜራ 6 ቮልት ይጠብቃል፣ አንተ 4.8 ትሰጠዋለህ፤ አንዳንዱ በዚያው ይሠራል፣ አንዳንዱ ሌሊት ይዘጋል። ስለዚህ በኒኬል ለመሥራት ያሰበ ሰው ስምንቱንም በተከታታይ፣ ማለትም ቮልታቸውን ደምሮ፣ የሚጠቀም ካሜራ ይፈልግ፤ 9.6 ቮልት ይበቃዋል። ስምንት ቦታ ያለው ሁሉ ግን በተከታታይ አይደለም። አራቱን ብቻ ከትተህ ከበራ ባለ 6 ቮልት ነው፣ ሌሎቹ አራቱ ትይዩ ረዳቶች ናቸው ማለት ነው። አሮጌና አዲስ፣ ወይም ሁለት ዓይነት ባትሪ መቀላቀል የለም። ደካማው ሌሎቹን ይዞ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ለስንት ቀን እንደሚቆይ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል?

ይቻላል። ባለ 6 ቮልት ካሜራ ያለ ሥራ ሲጠብቅ 0.2 ሚሊአምፔር ገደማ ይበላል፤ በቀን 5 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። አንድ የሌሊት ፎቶ ከ0.5 ትንሽ ከፍ ይላል። የ20 ሰከንድ የሌሊት ቪዲዮ ግን 1 አምፔር ለ20 ሰከንድ ነው፣ ይህ 5.6 ይሆናል፤ ከፎቶው አሥር እጥፍ። በሌሊት 30 ጊዜ የሚያነሳ ካሜራ በፎቶ ከሆነ በቀን 22 ገደማ፣ በቪዲዮ ከሆነ 172 ገደማ ይጨርሳል። የ2000 ሚሊአምፔር ሰዓት ኒኬል በመጀመሪያው ወደ 90 ቀን፣ በሁለተኛው 11 ቀን። ኒኬሉ ራሱም ቁጭ ብሎ ስለሚያልቅ 90ውን 60 በለው። ቪዲዮ የግድ ካስፈለገ ወደ 10 ሰከንድ አውርደው።

ጥያቄ፦ የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆየው ዕቃ) ባትሪ ከውጭ ማገናኘት እፈልጋለሁ። እንዴት ላድርግ?

ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓቱ እንደ ልብ ይገኛል። ክብደቱ ከ2 ኪሎ በላይ መሆኑን ግን አትርሺ፤ ከመኪና መንገድ የሁለት ሰዓት ዳገት ላይ ይታወቅሻል።

መጀመሪያ መሰኪያው አጠገብ የተጻፈውን አንብቢ። 6 ቮልት የሚል መሰኪያ ላይ 12 ከሰካሽ ካሜራው ያልቅለታል። ቀጥሎ የመሐሉ ፒን ፖዘቲቭ መሆኑን በምልክቱ አረጋግጪ፤ ገመዱን ከመሰካትሽ በፊት ጫፉን በመልቲሜትር ለኪው። ፖዘቲቩ ላይ፣ ባትሪው ጥግ፣ የ2 አምፔር ፊውዝ አስገቢ። ጃርት ወይም ጅብ ገመዱን አኝኮ ቢያገናኘው ደረቅ ሣር ውስጥ እሳት ይነሳልና። መመሪያው «አብረው ይሠራሉ» ካላለ የውስጡን ባትሪ ድንጋይ አውጪ።

ማስቀመጫ ከፈለግሽ የ5 ሊትር የዘይት ጄሪካን ከበቂ በላይ ነው። ከታች ቆርጠሽ ባትሪውን በእንጨት ቁራጭ ላይ አቁሚና ጄሪካኑን እንደ ቆብ ድፊበት። ክዳኑ ተጠብቆ ይዘጋ፣ ገመዱ ግን በታች በኩል ይውጣ፣ ከመሰኪያው በፊትም ወደ ታች ይርገብ፤ ያኔ ዝናቡ በገመዱ ተንሸራትቶ ካሜራው ውስጥ አይገባም። በሲሊከን ሙሉ ለሙሉ አታሽጊው፣ ይህ ባትሪ ጋዝ ያወጣል። ገመዱን በድንጋይና በአፈር ቅበሪው።

ከዩፒኤስ የወጣ አሮጌ ባትሪ በነጻ ቢሰጥሽም ፈትኚው፦ ሙሉ ቻርጅ አድርገሽ ግማሽ ቀን አሳርፊው። ከ12.6 ቮልት በታች ከሆነ ዱር ይዘሽው አትሂጂ። ሜዳ ላይም 12.1 ገደማ ሲደርስ አምጥተሽ ቻርጅ አድርጊው፤ ከግማሽ በታች ወርዶ የሰነበተ አይመለስም። በዚህ ልክ ብትጠቀሚበት፣ በ12 ቮልት የሚሳበው አምፔር የ6 ቮልቱ ግማሽ ገደማ ስለሆነ፣ ከላይ ያለው የቪዲዮ ስሌት እንኳ ከአንድ ወር በላይ ይሄድልሻል።

ጥያቄ፦ የኔ ካሜራ 6 ቮልት ነው። 12ቱን ወደ 6 የምታወርደዋን ትንሽ ሰርኪዩት ብጠቀምስ?

በብዛት የምትሸጠው ኤልኤም2596 ምንም ሳይሠራባት ራሷ ከ5 እስከ 10 ሚሊአምፔር ትበላለች። በቀን ከ120 እስከ 240 ሚሊአምፔር ሰዓት ማለት ነው፤ ካሜራው ፎቶ ሲያነሳ ከሚበላው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይልቅ ቻርጅ በሚደረግ ፋኖስ ውስጥ ያለውን ባለ 6 ቮልት 4.5 አምፔር ሰዓት ባትሪ በቀጥታ አገናኝ።

ጥያቄ፦ ሶላርስ?

ገላጣ ቦታ ላይ 5 ዋት ከበቂ በላይ ነው፣ ቻርጅ መቆጣጠሪያ እስካለው ድረስ። መናገሻ ሱባ ዓይነት ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ግን ከዛፉ ሥር የሚደርሰው ብርሃን አያስቆጥርም። ፓኔሉን ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ገደማ አዘንብለው፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም፣ በክረምት ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ዝንባሌው በዋናነት አቧራውን ዝናብ እንዲያጥብልህ ነው። ለካሜራ ተብለው የሚሸጡት ፓኔሎች 6፣ 9 እና 12 የሚል ማብሪያ አላቸው፤ ከመሰካትህ በፊት እሱን እይ።

ጥያቄ፦ ባትሪ ድንጋይ የሚመስል ባለ 3.7 ቮልት ሊትየም አግኝቻለሁ፣ ልክ ይገባል።

ይገባል፣ ያቃጥላልም። አራቱ 14.8 ቮልት ነው፣ ሙሉ ሲሆን 16.8። አታስገባው። በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረገው ባለ 1.5 ቮልቱ ግን ሌላ ነው፤ ይሠራል፣ እስከ መጨረሻው ደቂቃ «ሙሉ» ብሎ ድንገት ይሞትብሃል እንጂ።

ጥያቄ፦ ሦስት ሺህ ፎቶ አምጥቼ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶው ባዶ ሣር ነው።

ሴንሰሩ የሚያየው የሙቀት ልዩነት ሲንቀሳቀስ ነው። ፀሐይ ያሞቀው ሣር ወይም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በነፋስ ሲወዛወዝ እንስሳ ይመስለዋል። ከካሜራው ፊት እስከ 4 ሜትር ያለውን ሣርና ቅጠል አጽዳ። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ አታዙረው፤ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይይ። በቀጭን ዛፍ ላይ አትሰር፣ ዛፉ ራሱ ይወዛወዛል። ሌሊት አንድ ቅጠል ሌንሱ ጥግ ካለ ደግሞ ቅጠሉ ነጭ ሆኖ ያበራል፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ይጨልማል።

ጥያቄ፦ አዋሽ አካባቢ ቀትር ላይ ምንም አያነሳም።

መሬቱ ከእንስሳው ገላ ጋር እኩል ሲሞቅ ሴንሰሩ ልዩነት አያገኝም። ሴንሲቲቪቲውን ከፍ አድርግ፣ ጥላ ያለበት ወይም ውኃ አጠገብ ያለ ቦታ ምረጥ። በዚያ ሙቀት አብዛኛው እንስሳ ቀትር ላይ ስለማይንቀሳቀስ ብዙም አልቀረብህም።

ጥያቄ፦ ባሌ ላለው ለሰነቲ አምባ፣ ለቀይ ቀበሮ የትኛው ይሻላል?

ቀይ ቀበሮ ፍልፈልና አይጥ የሚያድነው ቀን ቀን ነው፤ ስለዚህ ለሌሊት ብርሃን ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ፣ ፈጣን የሆነውን ምረጡ። ችግሩ ሁለት ነው። ከ4000 ሜትር በላይ ስለሆነ በበጋ ሌሊቱ በረዶ ይሠራል፣ አልካላይን አቅሙ ይከዳል፤ እዚህ ሊትየሙ ዋጋውን ያወጣል። ሁለተኛ፣ ማሰሪያ ዛፍ የለም። 12 ሚሊሜትር ፌሮ 80 ሳንቲሜትር ቆርጣችሁ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ላሜራ አስበይዳችሁ ካሜራውን በብሎን እሰሩበት፤ ግማሹ መሬት ይግባ።

ጥያቄ፦ ድንችና በቆሎዬን ሌሊት የሚጨርሰው ጃርት ይሁን ከርከሮ ማወቅ እፈልጋለሁ። አንድ ካሜራ ይበቃኛል?

ይበቃዎታል፣ አባባ። ማሳው መሐል አያስሩት፤ አጥሩ ላይ የሚገቡበትን ቀዳዳ ይፈልጉ። ከቀዳዳው 3 ሜትር ርቀው፣ በጉልበት ቁመት፣ መንገዳቸውን በአግድም ሳይሆን ትንሽ በሰያፍ እንዲያይ አድርገው ይሰሩት። ሦስት ሦስት ፎቶ እንዲያነሳ ያድርጉ። ሦስት ሌሊት ካለፈ ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ጃርት በእሾሁ፣ ከርከሮ ሲሮጥ በሚያቆመው ጭራው።

ጥያቄ፦ ነብር ለመለየት?

የግራና የቀኝ ጎኑ ነጠብጣብ አይመሳሰልም። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ካሜራ፣ በ40 ወይም 50 ሳንቲሜትር ከፍታ። ፊት ለፊት አታጋጥማቸው፣ አንዱ በአንዱ ብርሃን ይታወራልና አንድ ሜትር ያህል አዛንፋቸው።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ ለወንድሜ ባለ ሲም ካርዱን ልላክለት?

እህቴ፣ ተዪው። እዚያ የሚሸጡት ብዙዎቹ ለዚያው አገር ኔትወርክና ለወርሃዊ ክፍያ የተሠሩ ናቸው፤ የኢትዮ ቴሌኮም ወይም የሳፋሪኮም ሲም ስለገባባቸው ብቻ አይሠሩም። ኔትወርክ በሌለበት ደን ደግሞ ሲፈልጉ ባትሪ ይጨርሳሉ። በልዩነቱ ሁለት ተራ ካሜራና ስምንት ስምንት ሊትየም ባትሪ ግዢለት። ትርፍ ሊትየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ነው የሚሄደው፣ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ ሰዓቱንና ቀኑን በኛ አቆጣጠር ልሙላው?

በፈረንጆቹ ሙላው፣ በ24 ሰዓት። ከምሽቱ 3 ሰዓት 21:00 ነው። አንዱ ካሜራ በኛ፣ ሌላው በነሱ ከተሞላ መረጃውን ስታቀናጅ ስድስት ሰዓቱ ያሳብድሃል። ስታስርም ስትፈታም የስልክህን ሰዓት ለካሜራው አሳየው፤ ባትሪ አልቆ ሰዓቱ ቢዛባ ከዚያ ታስተካክለዋለህ።

ጥያቄ፦ ሜሞሪ አላነብም ይላል።

32 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች ይሁን፣ ካሜራው ውስጥ ራሱ ፎርማት አድርጊው። በአዳፕተር የገባ ትንሿ ሜሞሪ ብዙ ጊዜ ታስቸግራለች። 512 ጊጋ ተብሎ በርካሽ የተሸጠልሽ ደግሞ ውስጡ 8 ሊሆን ይችላል፤ ዱር ከመውሰድሽ በፊት በፋይል ሞልተሽ መልሰሽ ክፈቺው።

ጥያቄ፦ ጅብ አንዱን ካሜራ ነክሶ ጥሎታል። ፈቃድስ ያስፈልጋል?

ጅብ የሚነክሰው የሰው እጅና የምግብ ሽታ ስላለው ነው፤ በታጠበ እጅ እሰሩ፣ ሥጋ አጠገቡ አታድርጉ። የ2 ሚሊሜትር ላሜራ ሳጥን ማስበየድ ሁለተኛ ካሜራ ከመግዛት ይረክሳል፤ ዝንጀሮም አይፈታውም። ለሌንሱ፣ ለሴንሰሩና ለመብራቱ ቀዳዳውን ሰፋ አድርጉት፣ ካልሆነ የሳጥኑ ጠርዝ ሌሊት ብርሃኑን ይመልሳል።

ፈቃድ አዎ። በፓርክ ውስጥ ከሆነ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ወይም ፓርኩን የሚያስተዳድረውን የክልል መሥሪያ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ የደብሩን አስተዳዳሪ ጠይቁ። ለእረኞቹም አሳዩዋቸው፤ የራሳቸውን ፎቶ ያዩ ልጆች ካሜራውን ከማንም በላይ ይጠብቁታል።

ጥያቄ፦ የቀን ፎቶዬ ሁሉ ሮዝ ሆኗል።

ከሌንሱ ኋላ ቀን የሚከደን፣ ሌሊት የሚከፈት ቀጭን ማጣሪያ አለ፤ ተከፍቶ ቀርቷል። አዲስ ባትሪ ከትተህ በብርሃን አብራው፣ በእጅህ ሸፍነህ ክፈተው፤ አሥር ጊዜ ያህል ደጋግመው። «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ተመልሷል። ካልሰማህ ለሌሊት ሥራ ብቻ ይሁን።