ስለ ዝግ ስታዲየም ጠይቁ፣ የመዋቅር መሐንዲስ ይመልሳል

በጎንደር መሀል ከተማ 10,000 ሰው የሚይዝ ዝግ ስታዲየም (ጣሪያ ያለው የቤት ውስጥ ስፖርት ሜዳ) ቢታሰብ ምን ያስፈልጋል? ብዙዎቻችሁ ስለምታነሱት ዛሬ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን፦ አፈር ሳይመረመር ንድፍ አይጀመርም።

ጥያቄ፦ ስንት ብር ይፈጃል?

መልስ፦ ቦታው፣ አፈሩና ጣሪያው ሳይለይ ቁጥር የሚጠራላችሁን አትመኑ።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ ከኋላ ስቀመጥ የሰው ጭንቅላት ይጋርደኛል። በንድፍ የሚፈታ ነው?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምፈልገው! ከዓይንዎ እስከ ሜዳው ጠርዝ የሚሄደው የእይታ መስመር ከፊትዎ ካለው ሰው ዓይን ቢያንስ 6፣ ደህና ከተባለ 9 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ማለፍ አለበት። ለምሳሌ የመጀመሪያው ረድፍ ተመልካች ዓይን ከሜዳው ጠርዝ 5 ሜትር ርቆ 1.2 ሜትር ከፍ ይበል። የረድፉ ስፋት 80፣ የእርከኑ ከፍታ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሁለተኛው ረድፍ 9 ያገኛል። ያንኑ 30 ይዛችሁ ከቀጠላችሁ 12ኛው ረድፍ ላይ 4 ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የእርከኑ ከፍታ መጨመር አለበት። ተቋራጩ ሥራ እንዲቀለው «ሁሉንም እኩል ላድርገው» ካለ አትፍቀዱለት፤ ኮንክሪት ከደረቀ በኋላ መፍትሔ የለውም።

ጥያቄ፦ ያ ሁሉ ጣሪያ ያለ መሀል ምሰሶ ይቆማል?

መልስ፦ ይቆማል፣ በትክክል ከተሰላ። በአሜሪካ ሃርትፎርድ እ.ኤ.አ. በ1978 የቅርጫት ኳስ ተመልካቾች ከወጡ ከሰዓታት በኋላ ጣሪያው በሙሉ ወደቀ።

አባል (ከማራኪ)፦ እሱ በበረዶ ክምር ነው። ጎንደርን አይመለከትም።

መልስ፦ ይመለከታል! ግፊት የሚሸከሙት ብረቶች በስሌቱ እንደታሰበው አልተደገፉም ነበር። ጣሪያው ከተሰላው በላይ መጉበጡ በግንባታው ወቅት ታይቶ ታልፏል። በረዶው የመጨረሻው ጭነት ብቻ ነው።

አባል (ከአዘዞ)፦ ፒያሳ ምን ቦታ አለና? አዘዞ ይሠራ።

አባል (ከአራዳ)፦ ማታ ጨዋታ ሲያልቅ ከአዘዞ በምን እንመለስ?

አባል (ከአዘዞ)፦ እኛስ ወደ ፋሲለደስ ስታዲየም የምንመጣው በምን ይመስልሃል? ይልቅ እሱ ይታደስ፤ ፋሲል ከነማ በ2013 ዋንጫ ያነሳው በእግር ኳስ ነው።

መልስ፦ የእግር ኳሱን ለብቻው ተነጋገሩበት። ስለ ቦታው፦ ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ ግንቡን የሚጋርድ ሕንፃ አጠገቡ አይታሰብም። በኒው ዮርክ ብሩክሊን ባለው ዝግ ስታዲየም፣ በባርክሌይስ ሴንተር፣ እንደተደረገው ሜዳውን ከመንገድ በታች ማውረድ ቁመቱን ይቀንሳል፤ ግን ቁፋሮ ነው። ጥቁር አፈር ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። አፈር ሳይመረመር ንድፍ አይጀመርም።

ጥያቄ፦ በግምት እንኳ ስንት ብር?

መልስ፦ መልሼዋለሁ። ወደ ላይ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ስንት በር ይበቃዋል?

መልስ፦ የበሩን ብዛት ሳይሆን ስፋቱን ጠይቁ። በእንግሊዝ የስፖርት ሜዳዎች ደህንነት መመሪያ መሠረት በአንድ ሜትር የደረጃ ስፋት በደቂቃ 66 ሰው ይወርዳል፤ መውጫው ከ8 ደቂቃ እንዳይበልጥ 10,000 ሰው ድምሩ 19 ሜትር የሆነ ደረጃ ይፈልጋል። ይህም ሁሉም ክፍት ሲሆን ነው። በር ቆልፎ «በአንዱ ውጡ» የሚል አስተዳደር ካለ ስሌቱ ዋጋ የለውም።