«ወይ እናቴን አመጣለሁ፣ ወይ ዘጌ እገባለሁ»

አንዲት የባሕር ዳር እህት እንዲህ ጽፋልኛለች፦ «እናቴ ዘጌ ብቻዋን ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ በክረምት ጭቃ ላይ ወድቃም ነበር። እኔ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር የምኖረው ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው። ላምጣት ስለው ‹የት እናስተኛቸዋለን?› አለኝ። ከተኳረፍን ሳምንት ሆነን። ወይ አመጣታለሁ፣ ወይ ልጆቼን ይዤ ዘጌ እገባለሁ።»

እህቴ፣ እናት ወድቃ ማን አነሳት ብሎ ማሰብ እንቅልፍ ይነሳል። ጭንቀትሽ ይገባኛል። ሰው ሲጨንቀው ግን አማራጩ ይጠብበታል፤ «ወይ» እና «ወይ» ብቻ ይቀራሉ። አንዱን አንቺ ትይዣለሽ፣ ሌላውን እሱ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ መሸናነፍ ይሆናል።

ዲዙሪላ እና ጎልድፍሪድ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ችግር አፈታት የጻፉት ሐሳብ ዛሬም ይሠራል። አማራጭ ስትደረድሩ አትፍረዱ ነው ነገሩ። አንዱ «ይሄማ አይሆንም!» ካለ ሌላው ቀጣዩን ሐሳብ ይውጠዋል።

ልጆቹ ሲተኙ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። የማይረባ የመሰላችሁንም ጻፉ። ወጣ ካለ ሰፈር ሰፋ ያለ ቤት መከራየት። ዘጌ ከእናትሽ ጋር የምታድር የዘመድ ልጅ መፈለግ። ክረምቱን እናንተ ጋ፣ ቡናው ሲለቀም ዘጌ። ወንድም እህት ካለሽ ወጪውን መካፈል። ለመሆኑ ጉልበታቸውን ሐኪም አይቶታል? እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት የማደርገው ይህንን ነበር።

አንድ ነገር ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። እናትሽ ራሳቸው ምን ይላሉ? በቡና ጫካ ውስጥ ያረጁ እናት ቀኑን ሙሉ ከተማ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው መዋል ይከብዳቸው ይሆናል። ወይም ደግሞ ጥሪሽን እየጠበቁ ይሆናል። እሑድ ጀልባ ያዙና ሁለታችሁም ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ከዚያ የሚሻለውን ለሁለት ወር ሞክሩት። ሁሉንም አማራጭ እናያለን እያላችሁ እስከ መጪው ክረምት እንዳትቆዩ፤ እሳቸው ዛሬም ብቻቸውን ናቸው።

ኩርፊያውን ግን እስከ እሑድ አታሳድሪው። ባለቤትሽ «የት እናስተኛቸዋለን?» ብሎ ጠየቀ እንጂ «አይምጡ» አላለም። ዛሬ ማታ «እስቲ የት ብናስተኛቸው ይሻላል?» በዪው።